የጨው ውሃ አኳሪየማችሁን አልጌ ወረረው? መድኃኒት ከመግዛታችሁ በፊት ይህን አንብቡ

ዛሬ ከፖለቲካውም ከዶላር ምንዛሪውም ትንሽ ወጣ ብለን ስለ አንድ የቤት ውስጥ ራስ ምታት እናወራለን። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በዓረብ አገራት የምትኖሩ አንዳንዶቻችሁ ቤታችሁ አኳሪየም ይኖራችሁ ይሆናል። ሌሎቻችሁ ደግሞ በምትሠሩበት ቤት ወይም ሆቴል «እስቲ ይህን ገንዳ አጽጂው፣ አጽዳው» የምትባሉ ልትሆኑ ትችላላችሁ። የምናወራው ጎልድፊሽ ስለሚዋኝባት ትንሽ የመስታወት ገንዳ አይደለም። ውሃው እንደ ባሕር ጨዋማ ተደርጎ ስለሚዘጋጅበት፣ ሕይወት ያላቸው ኮራሎች ስለሚያድጉበት «ሪፍ» ስለሚባለው ዓይነት ነው።

ኮራል ሲያዩት ድንጋይ ወይም አበባ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው። ብርሃን ይፈልጋል፣ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል፣ ቦታ ይፈልጋል። አልጌም የሚፈልገው ብርሃንና ቦታ ነው። ጠቡ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ገንዳው አዲስ ሲሆን ያምራል። ሁለት ሦስት ወር ሳይሞላው ግን ድንጋዩ ቡናማ ይለብሳል፣ ከዚያ አረንጓዴ ጸጉር ያበቅላል፣ አሸዋው ላይ ቀይ ዝልግልግ ነገር ይነጠፋል። ባለቤቱ ደንግጦ ሱቅ ይሄድና «የአልጌ መድኃኒት ስጡኝ» ይላል። ጠርሙሱን ይገለብጣል። አልጌው ለጥቂት ጊዜ ይጠፋና ተመልሶ ይመጣል። ሲብስ ደግሞ አልጌው ተርፎ ኮራሉ ይሞታል፤ ስንት ወር የለፉበት፣ ስንት ብር የወጣበት ነገር በቃ አለቀ።

ነገሩን ባጭሩ እናስቀምጠው፦ አልጌ የሚበላው እስካለ ድረስ ይበቅላል። ስለዚህ «በምን ልግደለው?» ከማለታችን በፊት «ማን ነው የሚቀልበው?» ብለን እንጠይቅ።

ቀላቢው ማን ነው?

ገበሬ ማሳው ላይ ዩሪያና ዳፕ ይበትናል። ዩሪያ ናይትሮጅን ይሰጣል፣ ዳፕ ደግሞ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ። በገንዳ ውሃ ውስጥ እነዚሁ ሁለቱ በአብዛኛው ናይትሬትና ፎስፌት ሆነው ይገኛሉ። ብርሃን ሲጨመርበት ማሳው ተዘጋጀ ማለት ነው። ጣና ላይ እምቦጭ በእጅም በማሽንም እየተነቀለ ተመልሶ የሚመጣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። እምቦጭ አልጌ ባይሆንም ሕጉ ያው ነው፤ ከየማሳውና ከየከተማው እየታጠበ ወደ ሐይቁ የሚገባው ንጥረ ነገር ይቀልበዋል።

ወደ ገንዳው ማዳበሪያ የሚገባባቸው በሮች አራት ናቸው።

የመጀመሪያው የዓሣው ምግብ ነው። ዓሣው የበላውም ያልበላውም ዞሮ ዞሮ ውሃው ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው የቧንቧ ውሃ ነው። ለሰው የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ናይትሬት፣ ፎስፌትና ሲሊኬት ሊኖረው ይችላል። ከገንዳው በየቀኑ ውሃ ይተናል፣ በውስጡ የሟሟው ግን አይተንም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት እንደሚጠራቀመው ሁሉ፣ የጎደለውን በቧንቧ ውሃ በሞላችሁ ቁጥር ገንዳው ውስጥ ይከማቻል።

ሦስተኛው አሸዋው ውስጥና ድንጋዩ ስር የተኛው ቆሻሻ ነው።

አራተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም፦ ድንጋዩ ራሱ። በገንዳ ውስጥ የሚቀመጠው የካልሲየም ድንጋይ ፎስፌት የመያዝ ባሕርይ አለው። ውሃው ውስጥ ያለው ፎስፌት ሲቀንስ የያዘውን መልሶ ይለቅቃል። «ውሃውን አጸዳሁት፣ አልጌው ግን አልሄደም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። ገንዳው በአረንጓዴ ጸጉር ተሸፍኖ ውሃው ሲመረመር ናይትሬት ዜሮ፣ ፎስፌት ዜሮ ሊል ይችላል። መሣሪያው ተበላሽቶ ላይሆን ይችላል። የሚለካው ውሃው ውስጥ የቀረውን ነው፤ አልጌው የበላውን አይቆጥርም። ጎተራው ባዶ የሆነው እህሉ ስለተበላ ነው እንጂ እህል ስላልገባ አይደለም።

መጀመሪያ ጠላትን መለየት

ሁሉም አልጌ አንድ አይደለም። እንዲያውም አልጌ ከምንለው ውስጥ አንዳንዱ ጭራሽ አልጌ አይደለም። መፍትሔውም ይለያያል።

👉 ቡናማ አቧራ፦ በአዲስ ገንዳ መጀመሪያ የሚመጣው ነው፣ ዲያቶም ይባላል። ሲሊኬት ይወዳል። በጣት ሲነካ ይለቅቃል። በአብዛኛው ሲሊኬቱ ሲያልቅ በራሱ ይጠፋል፤ ከመታገስ ሌላ ብዙ አይጠይቅም።

👉 አረንጓዴ ጸጉር፦ ድንጋዩን የሚያለብሰው፣ ሲጎትቱት እየተነቀለ የሚመጣው። የተለመደው ጠላት ይህ ነው። ከታች የምንዘረዝረው ሁሉ በዋናነት ለእሱ ነው።

👉 የላባ ቅርጽ ያለው፦ ብሪዮፕሲስ ይባላል። ከሩቅ ጸጉር ይመስላል፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት ግን ግራና ቀኝ ቅርንጫፍ አለው። ብዙ ቀንድ አውጣና ዓሣ አይበላውም፣ ግትር ነው።

👉 አረንጓዴ አረፋ፦ ቫሎኒያ። የሚያብረቀርቅ የመስታወት ዶቃ ይመስላል። የሚገርመው፣ አንዱ ዶቃ በሙሉ አንድ ሴል ነው። ሳይፈነዳ ከነሥሩ በጥንቃቄ ነቅሎ ማውጣት ይመከራል።

👉 ቀይ ዝልግልግ ምንጣፍ፦ ሳያኖባክቴሪያ። ስሙ እንደሚለው ባክቴሪያ ነው። ውሃ በደንብ የማይዘዋወርበትና ቆሻሻ የሚተኛበት ቦታ ይወዳል። እንደ ጨርቅ ተገፍፎ ይነሳል።

👉 ቡናማ ንፍጥ ከነአረፋው፦ ዲኖፍላጀሌት። ቀን ቀን እየተዝለገለገ ይወጣል፣ ማታ ይቀንሳል፣ ጠዋት መብራት ሲበራ ይመለሳል። አንዳንዱ ዓይነት መርዛም ስለሆነ የበሉት ቀንድ አውጣዎች ይሞታሉ። ይህኛው ከሁሉም የተለየ ነው፣ በኋላ እንመለስበታለን።

ምን እናድርግ? በቅደም ተከተል

1. በእጅ ንቀሉ። አቋራጭ የለውም። የሚነሳውን ድንጋይ ከገንዳው በተቀዳ የጨው ውሃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ አድርጉና በአዲስ የጥርስ ብሩሽ ፈግፍጉት፤ ኮራል ያለበት ድንጋይ ከሆነ ግን መጀመሪያ ከታች የጻፍነውን ማስጠንቀቂያ አንብቡ። ገንዳው ውስጥ ሆኖ የሚነቀለውን ደግሞ በቱቦ እየሳባችሁ አውጡ። ተነቅሎ የተበተነ አልጌ ሌላ ቦታ ሄዶ ይበቅላል፤ እዚያው ከበሰበሰም የበላውን ማዳበሪያ መልሶ ይለቅቃል። ነቅሎ ማውጣት ጥቅሙ ለዓይን ብቻ አይደለም፤ አልጌው ያጠራቀመውን ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ይዛችሁት ትወጣላችሁ።

2. ውሃውን ከምንጩ አስተካክሉ። ጨው የሚበጠበጥበትም ሆነ የተነነውን የሚተካው ውሃ በሪቨርስ ኦስሞሲስና በዲአዮናይዘር የተጣራ ይሁን። በትንሿ የቲዲኤስ መለኪያ ሲለካ ዜሮ ማለት አለበት። ቁጥሩ ከፍ ማለት ከጀመረ የማጣሪያው ካርትሪጅ መቀየር አለበት ማለት ነው። የታሸገ የመጠጥ ውሃም ቢሆን ማዕድን አለው፣ ለዚህ አይሆንም።

3. ውሃ ቀይሩ፣ ግን ሒሳቡን እወቁት። ናይትሬቱ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ቢሆንና 20 በመቶ ውሃ ብትቀይሩ ወደ 40 ይወርዳል። ሁለተኛ ስትቀይሩ 32፣ ሦስተኛ ስትቀይሩ 25.6። ያውም በመሃል ምንም አዲስ ካልገባ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ቀይሮ «አልሠራም» ማለት አይቻልም። ስትቀይሩ ደግሞ አሸዋው ላይ የተኛውን ቆሻሻ አብራችሁ ሳቡ።

4. ምግቡን መጥኑ። ዓሣ ሁልጊዜ የራበው ይመስላል፣ አትመኑት። በሁለት ደቂቃ ገደማ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ስጡ። የበረዶ ምግብ ከሆነ ቀልጦ የወጣውን ውሃ ገንዳው ውስጥ አትገልብጡት፤ በወንፊት አጥልላችሁ ሥጋውን ብቻ ስጡ። ዓሣ ማስራብ ግን መፍትሔ አይደለም፣ በሽታ ይጋብዛል።

5. መብራቱን መጥኑ። በቀን ከ8 እስከ 9 ሰዓት ዋና ብርሃን በቂ ነው። ለማየት ስለሚያምር ብቻ ከጠዋት እስከ እኩለ ሌሊት ማብራት የሚጠቅመው አልጌውን ነው። በመስኮት የሚገባ የፀሐይ ብርሃን ካለም መጋረጃ ዝጉበት።

6. ቆሻሻውን ሳይበሰብስ አውጡ። ፕሮቲን ስኪመር የሚባለው መሣሪያ በአየር አረፋ ቆሻሻውን ሰብስቦ ከውሃው ያወጣዋል። የጨርቅ ማጣሪያ ካላችሁ በየሦስትና በየአራት ቀኑ እጠቡት ወይም ቀይሩት። ሳይታጠብ የከረመ ማጣሪያ ራሱ የቆሻሻ ክምር ነው።

7. አልጌን በአልጌ። ይህ ደስ የሚል ዘዴ ነው። ከዋናው ገንዳ ጎን ወይም ስር ባለ ትንሽ ክፍል ውስጥ ኬቶሞርፋ የሚባል ሽቦ የመሰለ አልጌ ይበቅላል፣ የራሱ መብራት ይኖረዋል። ናይትሬቱንና ፎስፌቱን እሱ ይሻማል፤ ሲያድግ እየታጨደ ይወጣል። መብራቱን ዋናው ገንዳ ሲጨልም ብታበሩት ማታ ማታ የሚወርደውን የውሃውን ፒኤች ያግዛል። በስሚዝሶኒያን ይሠራ የነበረው ተመራማሪ ዋልተር ኤዲም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋወቀው የአልጌ ማጣሪያ በዚሁ ሐሳብ የተሠራ ነው፦ አልጌ መብቀሉ ካልቀረ እኛ በምንፈልገው ቦታ ይብቀል።

8. ሠራተኞቹን ቅጠሩ። ትሮከስ፣ አስትሪያና ተርቦ የሚባሉ ቀንድ አውጣዎች፣ የባሕር ጃርት፣ እንዲሁም ታንግ የሚባሉት ዓሣዎች አልጌ ይግጣሉ። ከቀይ ባሕራችን የሚገኘው ሐምራዊ ታንግ አንዱ ነው። ኤመራልድ የሚባለው አረንጓዴ ሸርጣን ደግሞ አረፋውን አልጌ ሊበላ ይችላል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ አብዛኞቹ የሚወዱት አጭሩን ነው፤ እንደ ጫካ የረዘመውን መጀመሪያ እናንተ አጭዱላቸው። ሁለተኛ፣ ታንግ ሰፊ ቦታ ይፈልጋል። ለአንድ ወር ችግር ብላችሁ ትንሽ ገንዳ ውስጥ አትክተቱት።

መድኃኒትስ?

መድኃኒት ጨርሶ አይነካ አንልም፤ ቦታው ግን መጨረሻ ላይ ነው።

ፎስፌት የሚስበው የብረት ኦክሳይድ ቅንጣት ይሠራል፣ ነገር ግን በትንሹ ጀምሩ። ፎስፌት በአንድ ጊዜ ሲወድቅ ኮራል ይጎዳል፣ በተለይ ቅርንጫፍ ያላቸው ጠንካራ ኮራሎች። ላባ ለሚመስለው ብሪዮፕሲስ ብዙ አሳዳጊዎች ለሰው የፈንገስ ሕመም የሚታዘዘውን ፍሉኮናዞልን ይጠቀማሉ፤ የተለመደው መጠን በአንድ ሊትር ውሃ 5 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። በዚህ ጊዜ የከሰል ማጣሪያ ከገንዳው ይወጣል፣ አለበለዚያ መድኃኒቱን ይስበዋል።

የመድኃኒት ትልቁ አደጋ ይህ ነው፦ ብዙ አልጌ በአንድ ጊዜ ሲሞት ይበሰብሳል፣ ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ባለቤቱ ማታ መድኃኒት ጨምሮ ይተኛል፣ ጠዋት ዓሣዎቹ ሞተው ያገኛል። የበሰበሰው አልጌም ማዳበሪያውን ለሚቀጥለው አልጌ አውርሶ ነው የሚሄደው። ስለዚህ መድኃኒት ከተጠቀማችሁም መጀመሪያ በእጅ የሚወጣውን አውጡ፣ አየር የሚነፋ ፓምፕ ጨምሩ፣ የሞተውን እየሳባችሁ አስወግዱ።

ዜሮ ግብ አይደለም

አንዳንዱ ሰው ይህን ሁሉ ሲሰማ «እንግዲያው ናይትሬትና ፎስፌትን ጭራሽ ላጥፋቸው» ይላል። ተው! ኮራልም ይበላል። በሰውነቱ ውስጥ ከሱ ጋር ተስማምቶ የሚኖር በዓይን የማይታይ አልጌ አለው፤ እሱ ከብርሃን የሚሠራው ምግብ ነው ኮራሉን የሚያኖረው። ንጥረ ነገር ጨርሶ ሲጠፋ ኮራሉ ይገረጣል፣ ይከሳል።

ከላይ በቀጠሮ ያቆየነው ቡናማ ንፍጥ፣ ዲኖፍላጀሌት፣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በዚህ ሰዓት ነው። ሌሎቹ ተራቡ፣ ተፎካካሪ ጠፋ፣ እሱ ሜዳውን ወረሰ። በዚህ ጊዜ «ቆሸሸ» ብላችሁ ውሃ ደጋግማችሁ ብትቀይሩ ሊብስበት ይችላል። የሚደረገው ተቃራኒው ነው፦ የውሃ ቅያሬውን ማቆየት፣ ምግብ ጨመር ማድረግ፣ ናይትሬትና ፎስፌት ተመልሰው በመለኪያ እንዲታዩ ማድረግ። ማታ ማታ ወደ ውሃው ለሚወጡት ዓይነቶች የዩቪ መብራት ይረዳል።

ብዙ አሳዳጊዎች የሚስማሙበት መጠን ናይትሬት በሊትር ከ2 እስከ 10 ሚሊ ግራም፣ ፎስፌት ደግሞ ከ0.03 እስከ 0.1 ሚሊ ግራም ነው። ቁጥሩ ሲዋዥቅ ከሚውል ትንሽ ከፍ ብሎ ቢረጋ ይሻላል።

ትልቁ ባሕርም ያው ነው

ይህ የመስታወት ሳጥን ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። በካሪቢያን ባሕር እ.ኤ.አ. በ1983 እና 1984 ዲያዴማ የሚባለው እሾኸ ረጅም የባሕር ጃርት በበሽታ አለቀ፤ ከመቶ ከ90 በላይ የሚሆነው ሞተ። ጃማይካ ውስጥ አልጌ የሚበሉት ዓሣዎች አስቀድመው በአጥማጅ ተመናምነው ነበር። ቀድሞም አውሎ ነፋስ ሪፉን መትቶታል። ጃርቱ ሲጠፋ የሚግጥ አልቀረም። በ1977 የሪፉን 52 በመቶ ይሸፍን የነበረው ኮራል በ1990ዎቹ መጀመሪያ ወደ 3 በመቶ ወረደ። አልጌው ከ4 በመቶ ወደ 92 በመቶ ወጣ።

በቅርቡ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2023 በኤይላት፣ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ የዲያዴማ ዘመድ የሆነው ጃርት በጅምላ ሞቷል። ተመራማሪዎች የተጨነቁት ለጃርቱ ብቻ አይደለም። የሚግጠው ሲጠፋ አልጌው በኮራሉ ላይ ይወጣል ብለው ነው። እዚያው ኤይላት በባሕሩ ውስጥ የነበሩት የዓሣ ማርቢያ መረቦች ከረጅም ክርክር በኋላ በ2008 የተነሱበት አንዱ ምክንያትም ከዓሣው ምግብና ኩስ የሚወጣው ንጥረ ነገር ሪፉን ይጎዳል የሚለው ስጋት ነበር። የእናንተ ገንዳ የዚህ ሁሉ ትንሿ ቅጂ ናት፤ የሚቀልብ ሲበዛና የሚግጥ ሲጠፋ ውጤቱ አንድ ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች፣ እባካችሁ እንዳታልፏቸው

⚠️ ኮራል ያለበትን ድንጋይ በባዶ እጅ አትፈግፍጉ፣ በፍጹም አትቀቅሉ፣ የፈላ ውሃም አታፍስሱበት። ፓሊቶዋ የሚባሉት የቁልፍ ቅርጽ ያላቸው ኮራሎችና አንዳንድ ዘመዶቻቸው ፓሊቶክሲን የሚባል እጅግ ኃይለኛ መርዝ ሊኖራቸው ይችላል። በእንፋሎትም ሆነ በፍንጣሪ ወደ ሳንባና ዓይን ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ አገር ኦክስፎርድሻየር ውስጥ አንድ ሰው አኳሪየሙን ሲያጸዳ ቤተሰቡ በሙሉ ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፤ ለእርዳታ የመጡ የእሳት አደጋ ሠራተኞችም ሳይቀሩ ተወስደዋል። የአሠሪ ገንዳ አጽዱ የምትባሉ ወገኖቻችን፣ ድንጋዩ ላይ ምን እንዳለ ሳትጠይቁ አትንኩ። ጓንትና የዓይን መከላከያ ይኑራችሁ፣ መስኮት ክፈቱ። ከጽዳት በኋላ ሳል፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን ማቃጠል ከመጣ ወዲያው ከክፍሉ ውጡና ሕክምና ሂዱ፤ ምን ስታጸዱ እንደነበርም ለሐኪሙ ንገሩ።

⚠️ የነቀላችሁትን አልጌ ባሕር፣ ወንዝ ወይም የጎርፍ መውረጃ ቦይ ውስጥ አትጣሉ። ካውለርፓ የሚባለው የአኳሪየም አልጌ እ.ኤ.አ. በ1984 በሞናኮ የውቅያኖስ ሙዚየም ስር ባሕሩ ውስጥ ሲታይ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ በሺዎች በሚቆጠር ሄክታር የሜዲትራኒያን ባሕር ወለል ላይ ተስፋፋ። ያው ዝርያ በ2000 ካሊፎርኒያ ተገኘ። ቶሎ ስለተደረሰበት በፕላስቲክ ሸራ ተሸፍኖ በክሎሪን ተገደለ፤ ጠፍቷል ተብሎ የታወጀው ግን በ2006 ነው፣ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከወጣበት በኋላ። እናንተ ያወጣችሁትን አልጌ በደንብ አድርቁት ወይም ፍሪዘር ውስጥ አክርሙት፣ ከዚያ በላስቲክ አስራችሁ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ጣሉት።

ስንት ጊዜ ይፈጃል?

እውነቱን እንንገራችሁ፣ በሳምንት አያልቅም። በመጀመሪያው ሳምንት ንቀሉ፣ ውሃውን መርምሩ፣ ምግብና መብራት አስተካክሉ። በወር ውስጥ አልጌው አይጠፋም፤ የነቀላችሁት ቦታ ላይ የሚመለስበት ፍጥነት ግን መቀነስ አለበት። መሻሻሉን የምታውቁትም በዚህ ነው። ድንጋዩ የያዘውን ፎስፌት እስኪጨርስ ሁለት ሦስት ወር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፣ ቀኑንና ቁጥሩን ደብተር ላይ ጻፉ። አምስት ነገር በአንድ ቀን የለወጠ ሰው የትኛው እንደጠቀመው፣ የትኛው እንደጎዳው አያውቅም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። የጨው ውሃ ገንዳ ውስጥ በፍጥነት የሚመጣ ነገር ካለ ብዙ ጊዜ ጥፋት ነው። ጽሑፉን ገንዳ ላለው ወዳጃችሁ፣ በተለይ ደግሞ ገንዳ ለሚያጸዳ ሰው አካፍሉት።